ትንሿ መጫወቻ ለዕጩ መምህራን ምን ታስተምራለች?

የመጫወቻ ወሬ ከመምህራን ጋዜጣ ምን አገናኘው እንዳትሉን። «መርጃ መሣሪያ ስለሌለ በቃል ብቻ አስተማርን» የሚለው አነጋገር በመካከላችን እየተለመደ በመምጣቱ፣ እሱን የሚሞግት አንድ ምሳሌ ይዘን ቀርበናል።

ምሳሌያችን «ዶንኪ ኮንግ» የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያወጣው፣ ቁመቱ ከሰው የሚስተካከል፣ በመጫወቻ አዳራሽ ቆሞ ሳንቲም የሚጎርስ ሣጥን ነበር። ጎሪላው ከላይ በርሜል ያንከባልላል፤ ትንሹ ሰውዬ ደግሞ በርሜሉን እየዘለለ፣ በመሰላል እየወጣ የታገተችውን ሴት ለማዳን ይጣጣራል።

በ1982 ይኸው ጨዋታ ኪስ ውስጥ ገባ። ጉንፔ ዮኮይ የተባሉት የኩባንያው ሠራተኛ እንደ መጽሐፍ የምትታጠፍ፣ ሁለት ስክሪን ያላት፣ ሰዓትም የምትቆጥር መጫወቻ አድርገው አወጡት። ታዲያ ትልቁ ሣጥን ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሲኖረው፣ ትንሿ የነበራት በካልኩሌተር ላይ ቁጥር የሚያሳየው ዓይነት የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ብቻ ነው። በዚህ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ሥዕል አስቀድሞ በቦታው የተቀረጸ ነው፤ ይታያል ወይም ይጠፋል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ሰውዬው የዘለለ የሚመስለን አንዱ ሥዕል ጠፍቶ ቀጥሎ ያለው ስለሚታይ ነው።

በትልቁ ሣጥን ውስጥ 4 ልዩ ልዩ መድረኮች ነበሩ። ሁሉንም እንጨምቅ ቢሉ ኖሮ ምንም ባልተረፋቸው ነበር። እነሱ ግን መጀመሪያ የጨዋታውን ነፍስ ለዩ፦ መዝለል፣ መውጣት፣ በመጨረሻም ጎሪላውን መጣል። ሌላውን ተዉት። መቆጣጠሪያ ዘንግ ቢተክሉ መጫወቻዋ አትታጠፍም፤ ስለዚህ በአንድ አውራ ጣት ወደ 4 አቅጣጫ የሚጫኑት የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ አበጁ። ያ ቁልፍ ዛሬም ከ40 ዓመታት በኋላ በጨዋታ መቆጣጠሪያዎች ላይ አለ። የዮኮይ መመሪያም ይኸው ነበር፦ የተለመደና ዋጋው የረከሰ ቴክኒክ ወስዶ ማንም ባላሰበው ቦታ ማዋል።

እንግዲህ ወደ እኛው ሥራ እንምጣ። የመምህር ተግባርስ ትልቁን ነገር ክፍል ውስጥ በሚገባ መጠን ማቅረብ አይደል? የውኃን ዑደት ለማስረዳት የድስት ክዳንና የፈላ ውኃ ይበቃል። አሥር አሥር ቆርኪ በሲባጎ የሰካ ልጅ አሥር ቤትና አንድ ቤትን በጣቱ ይለያል። ዋናው ጥያቄ «ምን መሣሪያ አለን?» ሳይሆን «የትምህርቱ ነፍስ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይህን ያልለየ መምህር ፕሮጀክተር ቢሰጠውም ያው ነው።

«ይህ እጦትን ማሞገስ ነው» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እውነት አላቸው፣ ማይክሮስኮፕ በቆርኪ አይተካም፤ ላቦራቶሪ መጠየቃችንንም አናቆምም። ብቻ ዮኮይ ርካሽ ዕቃ መረጡ እንጂ ርካሽ ሥራ አልሠሩም። የሚሠሩበት ጊዜና ቦታም ነበራቸው። ለእኛስ?

ስለሆነም ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ የምንሠራው መርጃ መሣሪያ በቀለሙ ማማር ሳይሆን ተማሪዎች በእጃቸው ይዘው በተማሩበት መጠን ነጥብ ይሰጠው። በመስታወት ሣጥን ተቆልፎ ለእንግዳ ብቻ የሚታይ ካርቶን ማንን አስተማረ? ሁለተኛ፣ የእጅ ሥራ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ክፍት ይሁንልን።

እኛም ዕጩ መምህራን በበኩላችን «የለም» ከማለታችን በፊት ግቢያችንን፣ ማዕድ ቤቱን፣ የጣልነውን ዕቃ እንይ። ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ምናልባት ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ይኖረው ይሆናል። ልጆቹ ግን መሣሪያው እስኪመጣ ቁጭ ብለው አይጠብቁንም፤ ያድጋሉ።