ለደንገጡሯ ማን ማለላት?

ሰሞኑን ማታ ማታ እየተሰበሰብን የጻፍነውን እርስ በርስ እናነባለን። ባለፈው ሳምንት ከቀረቡት አራት አጫጭር ልብወለዶች በሁለቱ ውስጥ ቫምፓየር ነበረ። አንደኛው እንዲያውም ቦሌ ይኖራል! ነውር የለውም። ግን አራት መቶ ዓመት ነግሦ ልጃገረድ ይገበርለት ነበር የሚባል አርዌ የተሰኘ ዘንዶ እያለን ከሆሊውድ መበደራችን ትንሽ አሳፈረን።

«እሱማ ተረት ነው» አለ አንዱ። ቫምፓየሩስ?

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ አፈ ታሪክ ስንነካ የምናውቀው ማወደስ ብቻ ነው። ንግሥተ ሳባን በግጥሙም በድራማውም ዘውድ እንጭንላታለን፤ ሰው ግን አናደርጋትም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግዕዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ከእኛ ይሻላል። ስትነሳ 797 ግመሎች ተጫኑ ይላል፤ ስምንት መቶ ብሎ አያድበሰብስም። ሰሎሞን በኃይል ላይነካት ይምላል፤ እሷም ከቤቱ ምንም ላትወስድ ትምላለች። እሱ ግን አስቀድሞ ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቷታል። ውሃውን እንድታየው አስቀምጦ፣ የተኛ መስሎ ይጠብቃታል። ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ከየት ይመጣል?

እኛን የያዘችን ግን ደንገጡሯ ናት። በቃል በሚወርደው ትውፊት ሰሎሞን ከእሷም ጋር ተኝቷል፤ ወንድ ልጅም ወልዳለች፤ የዛጉዌ ነገሥታትን ዘር ከዚያ የሚመዝዙ አሉ። እኛ በሰማነው ሁሉ ስም የላትም። ለንግሥቲቱ ንጉሡ ምሎላታል፤ ለደንገጡሯ ማን ማለላት? በዚያ ረጅም የመልስ ጉዞ ሁለት እርጉዞች ምን ተባባሉ? ወይስ አንደኛዋ ዝም ብላ ዕቃ ትጭን ነበር? (ሠራተኛ ባለበት ቤት ያደግን ልጆች ይህን ዝምታ እናውቀዋለን።) ታሪኳን የሚጽፍልን ቢገኝ ንግሥቲቱን ጭራሽ ባያሳየን ቅር አይለንም።

እናቶቻችን «በተቀደሰ ነገር አትቀልዱ» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ ክብረ ነገሥት ለብዙ አማኝ ልብወለድ አይደለም። ለማስደንገጥ ብቻ የሚጽፍ ከእኛ ጋር አይቆጠር። ግን ትግራይ ውስጥ የሚነገረውን እዩ፤ የዘንዶው ደም ነክቷት እግሯ የአህያ ኮቴ ሆነ፣ ኢየሩሳሌም የሄደችውም ለመዳን ነው ይላል። ክብረ ነገሥት ላይ ይህ የለም። አያቶቻችን ጨመሩበት እኮ! እየፈሩም፣ እያከበሩም ጨመሩበት።

በነገራችን ላይ፣ የቦሌው ቫምፓየር ደራሲ አሁን ስለ ደንገጡሯ እየጻፈ ነው። እስካሁን ሦስት ስም አውጥቶላት ሦስቱንም ሰርዟል።