ትንሣኤ ማለት ምን ማለት ነው

ልጆች ሆይ፤ የፋሲካ በዓል ሲደርስ ሰው ሁሉ ስለ ትንሣኤ ይናገራል፤ ቃሉ ከምን እንደ ወጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አዲስ ኪዳን አስቀድሞ የተጻፈው በጽርእ፣ ማለት በግሪክ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ ትንሣኤ «አናስታሲስ» ይባላል። «አና» ወደ ላይ ወይም ዳግመኛ፣ «ስታሲስ» መቆም ማለት ነው፤ በአንድነት ሲነገሩ የወደቀው ተነሥቶ መቆሙን ያመለክታሉ። አናስታስያ የሚባለውም የሴት ስም ከዚሁ የወጣ ነው። አባቶቻችንም ወደ ግዕዝ ሲመልሱት «ተንሥአ» ከሚለው ግሥ አውጥተው ትንሣኤ አሉት። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ብሎ ሕዝቡን ሲያዝ የምትሰሙት ይህንኑ ግሥ ነው። በኦሮምኛም «ከኡ» ከእንቅልፍም ከሞትም ለመነሣት ይነገራል።

እንግዲህ ቃሉ ለሙታን ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሉቃስ በወንጌሉ በ2ኛው ምዕራፍ ስምዖን ስለ ብዙዎች መውደቅና መነሣት የተናገረውን በዚሁ ቃል ጽፎታል። ጽርኣውያንም ሕዝብ ከስፍራው ተነሥቶ ሲሄድ «አናስታሲስ» ይሉ ነበር፤ እኛም ከብት አርቢው ውሃ ፍለጋ ሲሄድ «ከሰፈሩ ተነሣ» እንላለን።

በነጌሌ ቦረናና በዙሪያው ባለው ቆላ ይህ ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እረኞች ያውቃሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀረ፤ እጅግ ብዙ ከብትም አለቀ። በራብ የደከመች ላም ከተኛች በኋላ በራሷ መነሣት ያቅታታል። ስለዚህ አንዱ ቀንዷን፣ ሌላው ጅራቷን ይዞ፣ የቀሩትም ከጐኗ ደግፈው ያቆሟታል። በማግስቱ ብትወድቅ ደግሞ ያነሧታል። ባለቤቷ ብቻውን ቢታገል ግን ከወደቀችበት ትቀራለች።

አንዳንድ ሰው፦ ትንሣኤ የሚጠበቅ ነው እንጂ የሚሠራ አይደለም ይላል። ሙታንን ማስነሣት የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑ እውነት ነው። በእኔ አሳብ ግን የወደቀውን ጐረቤቱን አይቶ የሚያልፍ ሰው ፊደሉን አነበበ እንጂ ትርጓሜውን አላገኘም።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፤ በትምህርት የደከመ ወይም በራብ የተጨነቀ ጓደኛ በአጠገባችሁ ቢኖር አንዳችሁ ብቻ አትታገሉ፤ ተባብራችሁ አንሡት። ነገም ቢወድቅ ነገ ደግሞ አንሡት።