ኤፍ ሲወደድ ዲ ይረክሳል

ሰሞኑን ግሬድ የሚለቀቅበት ወቅት አይደል? አንድ አብሮኝ ያስተምር የነበረ መምህር ከክፍሉ ሲሶውን በኤፍ እንደጣለ በኩራት ጽፎ አየሁ። ከሥሩ ኮመንቱ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ጀግና! ጥራት ማለት ይሄ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «በድሃ ልጅ ላይ ምን ያስጨክናል? ዲ እንኳ ብትሰጣቸው ምን ነበረበት?» እያለ ይረግማል። ሁሉንም አንብቤ ስጨርስ ዝም ማለት አልሆነልኝም። በ11 ዓመት የማስተማር ዘመኔ ጨካኙንም ሩህሩሁንም ሆኜ አይቼዋለሁ። በሁለቱም ሰው በድያለሁ። የማወራው ከዚያ ተነስቼ ነው።

ክርክሬን ከወዲሁ ላስቀምጠው። በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የአንዲት ኮርስ ኤፍ የሚያስከፍለው ዋጋ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም። ዋጋው ከመጠን በላይ በመወደዱ ደግሞ ብዙ መምህር ኤፍ መስጠት ይፈራና የማይገባ ዲ ይሰጣል። ስለዚህ ጥብቅ ነው የምንለው ደንብ ራሱ ያልተማረ ልጅ እያሳለፈ ነው።

ግቢውን ለማታውቁት ወዳጆቼ መጀመሪያ ሒሳቡን ላስረዳ። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለመመረቅ ሦስት ነገር ይጠየቃል። አጠቃላይ ውጤትህ 2.00 መሆን አለበት፣ በዋና የትምህርት መስክህ ያለህ ውጤትም 2.00 መሆን አለበት፣ ስቱደንት ኮፒህ ላይ ደግሞ አንድም ኤፍ መኖር የለበትም። አሁን በአንድ ሴሚስተር 18 ክሬዲት አወር የወሰደ ተማሪ እንውሰድ። ሁሉንም ሲ ቢያመጣ 2.00 አለው። ከመሃል አንዲት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ኤፍ ከሆነችበት ግን 30 ነጥብ ለ18 ይካፈልና 1.67 ይሆናል። በቀጣዩ ሴሚስተር ሌላ 18 ክሬዲት ወስዶ ተመልሶ 2.00 ላይ ለመቆም 42 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ በአማካይ 2.33 ማለት ነው። ሲ እያመጣ ሲሄድ የነበረ ልጅ፣ በዋርኒንግ ላይ ሆኖ፣ ዲስሚሳል እያስፈራራው፣ ከበፊቱ የተሻለ ተማሪ መሆን አለበት።

ይሄ ግን የቀለለው ክፍል ነው። ነጥብ ይጠገናል። የማይጠገነው ጊዜው ነው።

እኔ ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ስታትስቲክስ ነበር የማስተምረው። ስታትስቲክስ ለኢኮኖሜትሪክስ አንድ ፕሪሪኩዚት ነው፤ ኢኮኖሜትሪክስ አንድ ለኢኮኖሜትሪክስ ሁለት። አንዱን ሳታልፍ ሌላው ላይ አትመዘገብም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። በ2008 ዓ.ም. አንዲት ሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ ከ100 37 አመጣች። ጎበዝ አልነበረችም፣ ሰነፍም አልነበረችም። ሚድ ኤግዛም ላይ ታማ ስለነበር አበላሽታዋለች፤ ፋይናሉን ደህና ሠርታለች። 37 ግን 37 ነው። ማለፊያው 40 ነበር።

ያኔ በሥራ ላይ በነበረው የሞጁላር ሥርዓት ኤፍ ኤክስ የምትባል ውጤት ነበረች፤ የዚያ ዘመን ተማሪዎቼ ታስታውሷታላችሁ። ከ30 እስከ 40 ያመጣ ተማሪ ኮርሱን እንደገና ሳይማር ፈተናውን ብቻ እንዲደግም የምትፈቅድ ነበረች። እኔም ሪ-ኤግዛም አዘጋጅቼ ወደ ዲፓርትመንት ሄድኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ «ማን ይፈትናል? ለፈተና ጥበቃ ማን ይከፍላል? ሬጅስትራር ምዝገባ ዘግቷል።» በቃ፣ አለቀ። ደንቡ ወረቀት ላይ ነበር፣ የሚያስፈጽመው ሰው ግን አልነበረም። ልጅቷ ኤፍ ይዛ ቀጠለች።

በ2009 ስታትስቲክስን ከጁኒየሮቿ ጋር ደገመችና ቢ አመጣች። ቢ! በዚያው ሴሚስተር ግን የራሷ ባች ኢኮኖሜትሪክስ አንድን እየወሰደ ነበርና እሷ መመዝገብ አልቻለችም። ባቿ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ሲነሳ እሷ ገና ሁለት ኮርስ ይቀራታል። ለሁለት ኮርስ፣ በየሴሚስተሩ አንዳንድ፣ አንድ ሙሉ ዓመት ግቢ ተቀመጠች። ለእናቷ መንገር አቅቷት ሁለት ወር ስልክ ሳትደውል እንደቆየች የነገረችኝ ቆይቶ ነው። ወደ ቢሮዬ መጥታ የጠየቀችኝ ነገር አንድ ነበር፦ «ቲቸር፣ እኔ የጎደለኝ 3 ማርክ ነው። ዓመቱ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር እስካሁንም የለኝም። 3 ማርክ ለመሙላት ሦስት ሳምንት ጥናትና አንድ ፈተና ይበቃት ነበር። ዓመቱን የቀጣት የሰሌዳው ላይ ፕሮግራም ነው፤ ካለማወቋ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሩህሩሁ እኔ ልምጣ። የልጅቷ ነገር ከውስጤ አልወጣም። ከዚያ በኋላ 36 እና 37 ሳይ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በ2013 አንድ ልጅ 36 አመጣ። ሁለት መምህራን መጥተው ለመኑኝ፣ አንዱ የቤተሰቡን ችግር ነገረኝ። እኔም አሳይመንት ላይ 4 ጨምሬ 40 አደረግኩለት። ዲ። ልጁ ዳነ፣ እኔም ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ኢኮኖሜትሪክሱንም እንዲሁ በሌላ ሰው ርኅራኄ አለፈ መሰለኝ።

በ2015 የመውጫ ፈተና መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ አይወስድም ተባለ። ልጁ አላመጣም። አራት ዓመት ተምሮ፣ ኮርሶቹን ሁሉ «አልፎ»፣ ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። ደወለልኝ። ይወቅሰኛል ብዬ ነበር፤ በጣም በትሕትና ነው ያወራኝ። «ቲቸር፣ ያኔ ጥለውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያኔ አጠናው ነበር። አሁን ከየት ልጀምር?»

ወዳጆቼ፣ ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እሷን በእውነተኛ ኤፍ በደልኳት፣ እሱን በሐሰተኛ ዲ። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነበር፦ ኤፉን በሐቅ መስጠት፣ ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና መፈተን። እሷ ዓመት አትከስርም፤ እሱ ስታትስቲክስ ሳያውቅ አያልፍም። ይህ መንገድ ስለተዘጋ መምህሩ ፊት ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረ፤ ወይ የልጁን ዓመት ማቃጠል ወይ መዋሸት። አብዛኛው ሰው ልቡ ደግ ነውና ይዋሻል።

«ሲሶውን ጣልኩ» ብለህ የጻፍከው ወዳጄ፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። የክፍልህ ሲሶ ካልገባው ያስተማርከውም አንተ ነህና ዜናው ስለ አንተም ነው። «ዲ ስጣቸው» የምትሉት ደጎችም፣ የምትጠይቁት ልጁ የነገውን ዕዳ ዛሬ እንዳያየው ብቻ ነው። ወለዱ ግን ይቆጠራል።

የሚገርመኝ ደግሞ መንግሥት ሁለተኛ ዕድል የሚባለውን ነገር አለማወቁ አይደለም። በመግቢያው በር ላይ፣ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ያላመጡ ብዙ ተማሪዎች ከ2015 ጀምሮ በሪሚዲያል ተምረው እንደገና እየተፈተኑ ይገባሉ። በመውጫው በር ላይም የወደቀ ተመራቂ በቀጣዩ ዙር ተመልሶ ይፈተናል። ማንም አራተኛ ዓመትን ድገም አይለውም። ሲገባ ሁለተኛ ዕድል አለ፣ ሲወጣም አለ። መሃል ላይ፣ ልጁ በእጃችን ባለበት፣ መምህሩም መጽሐፉም አጠገቡ ባለበት ጊዜ ግን «ዓመት ጠብቅ» እንለዋለን። ይሄ ምን ዓይነት አስተሳሰብ ነው?

ሕክምና ትምህርት ቤቶች ዳግም ፈተና የሚባል ነገር ሲሠሩበት ኖረዋል። ሐኪም በሚመረትበት ቤት ጥራት ያልቀነሰ ነገር አካውንቲንግ ላይ ሲደርስ ጥራት ይገድላል ማለት ነው? አንድ የቀድሞ ተማሪዬም ለማስተርስ እንግሊዝ አገር ሄዶ አንድ ሞጁል ወደቀ። ደንግጦ ጻፈልኝ፤ «አለቀልኝ» አለኝ። የኛ አገር ኤፍ ነበር የታየው። በዚያው በክረምቱ እንደገና ተፈተነ። ምንም ያህል ጥሩ ቢሠራ ግን ከማለፊያው ከ50 በላይ እንደማይመዘገብለት አስቀድሞ ተነግሮታል። ቅጣቱ አለ፣ ውጤቱ ላይ ለዘላለም ይታያል። ዓመቱን ግን አልወሰዱበትም። በጊዜው ተመረቀ።

መቃወሚያዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ስብሰባ ላይ ስንቴ ሰምቻቸዋለሁ።

«ዳግም ፈተና ካለ ተማሪው ይሰንፋል።» ጣሪያ አድርጉበት። ሁለተኛ የተፈተነ ከሲ በላይ አያገኝም በሉ። ቢ የሚፈልግ መጀመሪያውኑ ያጠናል።

«መምህሩ ጫና በዝቶበታል፣ ክፍያ የለውም።» ትክክል ነው፣ ይህን አልክድም። መምህር በነፃ ይፈትን የሚል ሰው መምህር ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን አንድን ተማሪ አንድ ዓመት ማደሪያና ምግብ ሰጥቶ ለሁለት ኮርስ ማስቀመጥስ በነፃ ነው እንዴ? ያንን ወጪ ማንም ስለማይቆጥረው ነው የሌለ የሚመስለው። የአንድ ፈተና ክፍያ ከዚያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

«ካሌንደሩ አይፈቅድም።» ካሌንደሩን ያወጣው ማን ነው? ክረምት ላይ ግቢዎቻችን መምህራንን በክረምት ፕሮግራም ያስተምራሉ። ክፍሉም ዶርሙም መምህሩም አለ። በየዲፓርትመንቱ ፕሪሪኩዚት የሆኑ ሦስት አራት ኮርሶችን መርጦ ለወደቁት ክረምት ላይ መስጠት ተራራ መግፋት አይደለም።

«መጀመሪያም ያልበቁ ልጆች ናቸው።» አንዳንዶቹ፣ አዎ። ሁለቴ ተፈትኖ ሁለቴ የወደቀ ልጅ ቢደግም ወይም ቢወጣ አልከራከርም። ያንን እንኳ በንጹህ ሕሊና ማድረግ የምንችለው ሁለተኛውን ዕድል ከሰጠነው በኋላ ነው።

እንግዲህ ሴኔት ውስጥ የምትቀመጡ፣ ከእናንተ መሃል የቀድሞ ተማሪዎቼም እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። ይህን ለመለወጥ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ሌጂስሌሽኑን የምታጸድቁት እናንተ ናችሁ። ለጥቂት ማርክ የወደቀ በአንድ ወር ውስጥ ጣሪያ ባለው ፈተና እንደገና ይፈተን። ሰንሰለት የሆኑ ኮርሶች ክረምት ላይ ይሰጡ። ፕሪሪኩዚት የተባሉትንም አንድ በአንድ ፈትሿቸው፤ አንዳንዶቹ ካሪኩለሙን የጻፈው ሰው ልማድ ከመሆን በቀር ምክንያት የላቸውም። ደንቡ ውስጥ ካለ ደግሞ ከኤፍ ኤክስ ተማሩ፤ ማን እንደሚፈትን፣ ማን እንደሚከፍል፣ ሬጅስትራር እስከ መቼ ክፍት እንደሚሆን አብራችሁ ጻፉ። አለበለዚያ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አሁን ግቢ ላላችሁና ዘንድሮ ኤፍ ላገኛችሁ ልጆች ደግሞ ከታላቅ ወንድም ምክር። መምህር ቢሮ በር ላይ ቆማችሁ ዲ አትለምኑ። መጀመሪያ ወረቀታችሁን ለማየት ጠይቁ፤ የድምር ስህተት ይኖራል፣ እኔም ሠርቻለሁ፣ ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍ ሂዱ። ከዚያ ሬጅስትራር ሄዳችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ኮርስ መቼ ነው የሚሰጠው? የትኞቹን ኮርሶች ይዘጋብኛል? ዳግም ፈተና በሌጂስሌሽኑ አለ ወይ? ሌላ ዲፓርትመንት ውስጥ አቻ ኮርስ በዚህ ሴሚስተር አለ ወይ? መልሱን ከዶርም ወሬ አትውሰዱ፣ ከደንቡ አንብቡ። ለቤተሰብም ንገሩ። ሁለት ወር ስልክ ዘግቶ መቀመጥ ኤፉን አያነሳውም።

ልጅቷ በ2010 ተመርቃለች። ዛሬ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ ትሠራለች፤ ቁጥር ነው ሥራዋ። ልጁ በሁለተኛው ዙር የመውጫ ፈተናውን አልፏል። ስታትስቲክስን ከዩቲዩብ ተማርኩት አለኝ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም። እኔ ፊቱ ቆሜ ሳለሁ ልማረው ይችል የነበረ ነገር ነው።

ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ሁለታችሁም ራሳችሁን እንደምታውቁት አምናለሁ። ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ። የጠየቅሽኝን ጥያቄ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲሰማው እዚህ ደግሜዋለሁ። የጎደለው 3 ማርክ ነው። ዓመቱ ከየት መጣ?