የደጋው አፈርና የዓባያ ዓሣ

አንድ የሆሳዕና ወዳጄ፤ «ልጄ ወደ ዓባያ ሐይቅ ወርዶ ከአጥማጆች ጋራ በታንኳ ልውጣ ይላልና ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለው?» ብለው ጻፉልኝ።

የሐይቁ ሰዎች ከጥንት ጀምረው የሚቀዝፉት ታንኳ ቀላል ግንዶችን ጎን ለጎን አስረው የሚሠሩት ነውና ከፍ ያለ ጎን የለውም፤ ቀዛፊውም ከውሃው ጋራ እኩል ይቀመጣል፤ አዞውም በዚያው ውሃ ነው። የናይል ፐርች የሚባለው ትልቁ ዓሣ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላልና መንጠቆ ጎርሶ ሲጎትት እንዲህ ያለውን ታንኳ ማናወጡ አይቀርም። ስለዚህ ልጁ ዋና ሳይማር አይውጣ፤ ነፋስም ሲነሣ ፈጥኖ ወደ ዳር ይመለስ። (ዋና ማወቅ ከነፋስ ያድናል እንጂ ከአዞ አያድንም።)

ነገር ግን ወዳጄ ያላሰቡት አንድ ነገር አለ። የቢላቴ ወንዝ ከጉራጌ ተራራ ተነሥቶ በሐዲያና በከምባታ ምሥራቅ ወርዶ ዓባያ ይገባል፤ በክረምትም ከተራቆተው ተረተር የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ዓባያ ቀልቶ የሚታየው ይህና ሌሎቹ ወንዞች በሚያመጡት አፈር ነው፤ ጎረቤቱ ጫሞ ግን ከእርሱ ይጠራል። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ፀሐይ ጠልቃ አትገባምና ለዓሣ መኖ የሚሆነው ረቂቅ አትክልት እንደ ልብ አይበቅልም።

ወዳጄም ከእንሰቱ በታች ያለውን ተዳፋት አምና ለጤፍ አርሰውታል፤ ልጃቸው ከመሄዱ በፊት እርከኑን አብረው ይሥሩ።