ስሟ ሦስት፣ አጻጻፉ አምስት

ባለፈው ሰኔ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከእናቷ ጋር ከቀብሪበያ ተነስታ ጅግጅጋ ቤቴ ድረስ መጣች። ገና በሩ ላይ ሆና «መዓሊን (መምህር)፣ ተሳካልኝ!» አለችኝ። ጀርመን ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት ተቀብሏታል፤ የኑሮ ድጎማም ሰጥቷታል። ቀብሪበያ ሳስተምር ከፊት ወንበር የማትጠፋ ልጅ ነበረች፤ ውሃ ለመቅዳት ስትሰለፍ እንኳ ደብተሯ ከእጇ አይለይም ነበር። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሻይ እስኪፈላ ወረቀቶቿን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣው ደብዳቤ። የአባቷ ስም ዓብዲ፣ የአያቷ ሐሰን ነው። ሚኒስትሪው ላይ ዓብዲ በላቲኑ «ሲ» ይጀምራል፤ ሰርተፍኬቱ ላይ በ«ኤ»። ሐሰን አንዱ ላይ በ«ኤክስ»፣ ሌሎቹ ላይ በ«ኤች» ተጽፏል፤ ፓስፖርቱ ላይ መሐሉ አንድ «ኤስ» ነው፣ ደብዳቤው ላይ ሁለት። የራሷ ስም መጨረሻ ደግሞ ፋይዳው ላይ «ኦ»፣ ፓስፖርቱ ላይ «ኤ» ሆኗል። ለማያውቃት ሰው አምስቱ ወረቀቶች የአምስት ልጆች ናቸው።

እናቷ ፊቴ ሲለወጥ አይተው «ምነው ወላል (ወንድሜ)?» አሉኝ።

ክረምቱን በሙሉ ተሯሯጥን። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ። አንዱ ቢሮ ያስተካከለውን ሌላው እንደገና ማስረጃ ይጠይቅበታል። ትምህርቱ በጥቅምት ሲጀመር እሷ ገና ማኅተም እየጠበቀች ነበር። ዩኒቨርሲቲው ደግነቱ ቦታዋን ለሚቀጥለው ዓመት አሸጋገረላት። ይህ ዕድል ግን ሁሉም ተማሪ የሚያገኘው አይደለም። ከእሷ በፊት በዚሁ ምክንያት ዕድላቸው ሲያመልጣቸው ያየኋቸው ልጆች አሉ፤ ይህንን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ አሰብኩበት። የሶማሊኛ ቋንቋ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው ሶማሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ የእኛም ክልል ትምህርት ቤቶች በዚሁ ፊደል ያስተምራሉ። በዚህ አጻጻፍ ዐይኑ ዐ «ሲ» ነው፤ ሐመሩ ሐ ደግሞ «ኤክስ»። ስለዚህ ሐሰንን በ«ኤክስ» የጻፈው መምህር አልተሳሳተም፤ ቋንቋው እንደሚያዘው ነው የጻፈው። ስሙን ከአማርኛ ሰምቶ ወደ እንግሊዝኛ የገለበጠው ጸሐፊም አልተሳሳተም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን አልተገናኙም። የውጭ አገር ቪዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም። እሱ የሚያየው ፊደል ለፊደል ነው።

ሶማሌ ልጁን ገና ከሕፃንነቱ አብቲርሲ፣ የዘር ሐረግ ቆጠራ፣ ያስተምራል። ቀብሪበያ ውስጥ አሥር፣ አሥራ አምስት ትውልድ ወደ ላይ ሳይደናቀፍ የሚቆጥር የሰባት ዓመት ልጅ ማግኘት ቀላል ነው። የዘር ሐረጉን እንዲህ በቃሉ የያዘ ልጅ ሦስቱን ስሙን ወረቀት ላይ አንድ ማድረግ አቅቶት ዕድሉ ሲያመልጠው ማየት ያመኛል።

የልደት ቀኑም እንደዚያው ነው። የካቲት 2000 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የ2008 ልጅ ነው፤ ኅዳር 2000 የተወለደው ደግሞ የ2007። ዓመቱን ሳይለውጥ እንዳለ ቅጹ ላይ የሚሞላው ተማሪ ግን ብዙ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ይህን አንድ ጊዜ የሞላ ልጅ ቀጥሎ የሚሞላቸው ቅጾች ሁሉ ከዚያ ጋር ይጣላሉ።

ለትምህርት ባሕር ማዶ መሄድ ድሮም ነበር፤ ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በአንድ ወቅት ጅግጅጋን አስተዳድረዋል። ሐረር በራስ መኰንን ቤት አድገው ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ሄዱ፤ የመድፍ ትምህርት ተምረው ተመለሱ። በእሳቸው ዘመን የውጭ ትምህርትን በር የሚከፍተው የመኳንንት ፈቃድ ነበር፤ የድሃ ልጅ ያንን ከየት ያመጣዋል? ዛሬ ከቀብሪበያ የፍየል ነጋዴ ቤት የወጣች ልጅ በውጤቷ ብቻ ተወዳድራ ታሸንፋለች። ይህን ትልቅ ነገር ያገኘነው በብዙ ድካም ነው። በአንድ «ኤስ» ሊበላሽ አይገባም።

ቀብሪበያ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላም ገጽ አለው። የስደተኞች ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1991 ከተቋቋመ ወዲህ የከተማው ልጅና የስደተኛው ልጅ ጎን ለጎን አድገዋል። አንዱ ፓስፖርት ያወጣል፤ ሌላው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያስፈልገዋል፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 የተሰጠው መብት ነው። የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከቦሎኛ ጀምረው ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ ስደተኞች የማስተርስ ትምህርት በር ከፍተዋል። በስደት መካከል ትምህርቱን ያቋረጠ፣ የቀድሞ ሰርተፍኬቱ የጠፋበት ልጅ የወረቀቱ ሸክም እጥፍ ነው። መምህራኑ ለእሱ ቀደም ብለው መጀመር አለባቸው።

ወረቀቱ ሲያልቅ ግን ሌላ ንግግር ይቀራል፤ እሱ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነው።

እናቷ ሻያቸውን ሳይጨርሱ «ወላል፣ በወር ስንት ትልክልኛለች?» ብለው ጠየቁኝ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እናትየው ስግብግብ አይደሉም። እዚህ አካባቢ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ማለት ሀዋላ ማለት ነው፤ ብዙ ቤት የሚተዳደረው በዚያ ነው። በተህሪብ፣ በሕገወጥ ስደት፣ የወጣው የጎረቤት ልጅ እንኳ በሕይወት ከደረሰ መላኩ አይቀርም። እሳቸው ደግሞ ለልጅቱ ወረቀት ፍየል ሸጠዋል።

እውነቱን ነገርኳቸው። የጀርመን መንግሥት ለተማሪ ቪዛ የሚጠይቀው በዝግ ሒሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992። ይህ ለአንድ ተማሪ ቤት ኪራይ፣ ምግብና የጤና መድን ይበቃል ተብሎ የተቆረጠ እንጂ ተርፎ የሚላክ አይደለም። የልጅቱ ድጎማም ከዚያ ብዙ አይርቅም። «ስትመረቅ ትልካለች፤ አሁን የምትልክልዎት ከምሳዋ ቆርጣ ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት። ልጅቱ አለቀሰች። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ እንዴት እንደምትነግራቸው ስታስብ ነበር።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሰሜን እንግሊዝ ተምሬያለሁ። አንድ የአገሬ ልጅ ቤተሰቡን ላለማሳፈር ሌሊት ዕቃ ያጥብ ነበር። ቪዛው በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቅድለትም፤ እሱ ግን ከዚያ በላይ ይሠራ ነበር። በታኅሣሥ ፀሐይ እዚያ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ልጁ ሲነጋጋ ይተኛል፣ ሲመሽ ይነሳል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሳያስገባ ዓመቱ አለቀ። ያ ልጅ በችሎታው ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። የጎደለው ከመሄዱ በፊት ከአባቱ ጋር መደረግ የነበረበት የአንድ ምሽት ወሬ ነው።

ሌላው የሚከብደው ዝምታ ነው። እኛ መምህር ሲናገር ዝም የምንለው ከአክብሮት ነው። እዚያ ዝም ያለ ተማሪ እንዳላነበበ ይቆጠራል። እኔ እስከ ገና ድረስ ሳልናገር ቆየሁ፤ ከዚያ አንዷ አስተማሪዬ ቢሮዋ ጠርታ አስተያየቴን ስትጠይቀኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ስለዚህ ለተማሪዬ በዚህ ዓመት አንድ ነገር አዘዝኳት፤ አሁን በምትማርበት በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከምትገባበት ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ እንዳትወጣ። የጀርመንን ብርድ በካፖርት ትችለዋለች፤ ጅግጅጋም በታኅሣሥ ሌሊት ቀላል አይደለችም።

እናቷ ኦድካዕ ሊያዘጋጁላት አስበዋል፤ በቅቤ የተጠበሰ ደረቅ ሥጋ፣ ለመንገደኛ ልጅ የእናት ስንቅ። የአውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ጉምሩክ ላይ ይወሰድባታል። ይህን ስነግራቸው ከሀዋላው ይልቅ ይኼኛው ከበዳቸው። «እንግዲያው ከመሄዷ በፊት እዚሁ ትብላ» አሉ። በርበሬውንና ቅመሙን ግን ያስቋጥሯት።

የልጅቱ ወረቀቶች አሁን አንድ ዓይነት ሆነዋል። በጠፋው ዓመት ጀርመንኛ ጀምራለች።

የቀብሪበያና የጅግጅጋ ርዕሰ መምህራን ሆይ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስም ለፈተና ስትመዘግቡ ወላጁን ጥሩና በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ አብራችሁ ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ያ አጻጻፍ አይቀየር። ወላጆችም፣ ለምሳሌ የቱርክ መንግሥት የነፃ ትምህርት ምዝገባ ባለፉት ዓመታት ሲከፈት የቆየው በጥር ነው። ጥር ሳይገባ የልጃችሁን ሚኒስትሪ ካርድ ከሳጥን አውጡና ከፋይዳው አጠገብ አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አስነብቡት።