«አነር» ያልነው ድመት ነው



ይህ አስተያየት በማኅበራችን ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍልኝ የጠየቅሁት ባለፈው ሳምንት በዓይኔ ባየሁት ነገር ምክንያት ነው። በላይኛው መንገድ ስወርድ ልጆች ድንጋይ ጨብጠው አንድ ትልቅ ጸጉራም ድመት አጥር ሥር አስጨንቀው ይዘውታል። «ምን አደረጋችሁ?» ብላቸው «ጋሼ፣ ድመት እኮ አይደለም፣ አነር ነው! ዶሮ ሊጨርስ ነው!» አሉኝ። በልጆቹ አልፈርድም። በማግስቱ ግን አንድ ትልቅ ሰው «ለሱ መድኃኒቱ የአይጥ መርዝ ነው» ሲሉ ሰማሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

እንስሳው አነር አይደለም። ጎረቤቶቻችን ከአሜሪካ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት «ሜይን ኩን» የሚባል የቤት ድመት ነው። ስሙን ያገኘው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ካለው ብርዳም ግዛት ከሜይን ነው። የዚያ አገር ገበሬ ለረጅም ዘመን አይጥ እንዲይዝለት በጎተራው ሲያኖረው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገ ትልቅ የድመቶች ውድድር አንደኛ የወጣችው ኮዚ የምትባል የዚሁ ዘር ድመት ነበረች። በ1985 ደግሞ የሜይን ግዛት የራሱ መለያ ድመት አድርጎ ሰይሞታል። ራኩን ከሚባል ጅራተ ዝንጉርጉር የዱር እንስሳ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው የሚል ወሬም አለ፤ ተረት ነው፣ ሁለቱ ሊዳቀሉ አይችሉም። እንግዲህ እዚያም አገር ሰው መጠኑን አይቶ «አውሬ አለበት» ማለቱ አልቀረም፤ እኛ ብቻ አይደለንም።

ወንዱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ሴቷ አነስ ትላለች። እድገቱን የሚጨርሰው እንደኛ ድመት በዓመቱ ሳይሆን ከ3 እስከ 5 ዓመት ቆይቶ ነው። በ2010 ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 123 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘም የዚሁ ዘር ድመት ነበር። የአንገቱ ጎፈርና በጣቶቹ መካከል የበቀለው ጸጉር ለበረዶ አገር የተሰጡት ናቸው እንጂ የአራዊት ምልክት አይደሉም። ጠባዩ ገራም ነው፣ ሰው ይከተላል። ድምፁማ ያስቃል፤ ያን የሚያህል አካል ይዞ እንደ ወፍ ጭር ጭር ይላል። ጫጩት ቢያገኝ አይነካም ብዬ ግን ዋስ አልሆንለትም፣ ድመት ነዋ! የጫጩቱ መፍትሔ የቆጡን በር ማጠባበቅ ነው፤ ከሸለምጥማጥም ያድናል።

አሁን ደግሞ ለባለቤቶቹ። ጎረቤቶቼ ናችሁና አትቀየሙኝ። ከልጆቹ አስጥዬ ስይዘው በብብቱና በሆዱ ሥር ጸጉሩ ተቋጥሮ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅጥቋል። «ድመት ራሷን ታጸዳለች» የሚለው ለአጭር ጸጉሯ ድመት እንጂ ለዚህኛው አይበቃም። ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በክረምት ጭቃ ደግሞ ከዚያም አዘውትሮ፣ ከሆዱና ከእግሮቹ መጋጠሚያ ጀምሮ ቀስ ብሎ ማበጠር ያስፈልጋል። ቋጠሮው ሳይፈታ ውሃ ማስነካት አይገባም፤ ይብስ ይጠብቃል። በመቀስም አትሞክሩት። የድመት ቆዳ ስስ ስለሆነ ከጸጉሩ ጋር አብሮ ይቆረጣል። የባሰውን ለእንስሳት ሐኪም መተው ነው።

ምግቡን በተመለከተ ነገሩ የሁላችንም ነው። በጾም ወራት እንጀራ በሽሮ ፈትፍተን እናቀርብለታለን። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያለ ሥጋ ወይም ዓሣ መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከዚያ ነው። ሲጎድልባት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል፤ የልቡን ጉዳይ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1987 አረጋግጠውታል። ወጥ የተረፈ እንደሆነስ? ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ሽንኩርት ደግሞ ቀይም ሆነ ነጭ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የድመትን ደም ያበላሻል። አመመው ብሎ ፓራሲታሞል መስጠትማ መግደል ነው፤ አንድ ፍሬ ይበቃዋል።

ይህ ዘር በተለይ የሚያሰጋው አንድ ነገር አለ፤ የልብ ጡንቻ እየወፈረ የሚሄድበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ። ከበሽታው ጋር የተያያዘ የዘር እንከን በ2005 በዚሁ ዘር ላይ ተገኝቷል። ድመቱ ጤነኛ መስሎ በድንገት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ «ግልገል ስጡን» ብላችሁ ከወዲሁ ተራ የያዛችሁ ሁሉ፣ ከጎፈሩ በፊት የወላጆቹን ልብ ጠይቁ። ለመልኩ ብቻ የሚፈልገው ሰው ባይወስደው እመርጣለሁ።

ወደ መርዙ ልመለስ። ለአይጥ ተብሎ የሚጣለው መርዝ ብዙው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። መርዙን የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ቀናት ትንፏቀቃለች፣ ድመትም ውሻም በቀላሉ ይይዛታል፣ መርዙም ይተላለፍበታል። ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ የሚጣለውንማ ምን ልበል። ደግሞስ አይጥ በዝቶብን እያለ አይጥ አዳኙን መግደል ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

ባለቤቶቹ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየጊዜው አስከትበው ወረቀቱን ለማኅበሩ ቢያሳዩ፣ ማታ ማታም ቤት ቢያስገቡት የብዙ ሰው ልብ ያርፋል። ድመት በዚህ በሽታ ይያዛል፣ ነክሶም ለሰው ያስተላልፋል፤ የሠፈሩ ሰው ስጋት ከንቱ ነው አልልም። ልጆቹን ግን እኔ ራሴ ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቶቹን አስፈቅጄ ሲበጠር እንዲያዩት እወስዳቸዋለሁ። ሚዶ ያለው ይዞ ይምጣ።

አንድ የሠፈሩ ነዋሪ