ዝም ያለ ሞተር ሁሉ ጤነኛ አይደለም

የአባዬ ፒክአፕ ጠዋት ሲነሳ «ቀጭ ቀጭ» ማለት የጀመረው አምና ክረምት ነው። መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋ ነበር፤ በኋላ ከሞቀም አልተወውም። ፑንተሪያው ተስተካክሎ ጸጥ አለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተመለሰ። አባዬ ተሰላችቶ «ይሸጥ» አለ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ማስታወቂያውን የመጻፉ ነገር ለእኔ ደረሰ።

ደላላው መፍትሔ ነበረው። «ወፍራም ዘይት አድርጉበት፣ ድምፁ ይጠፋል። አንቺም ሞተሩ ድምፅ የለውም ብለሽ ጻፊ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ዓረፍተ ነገሩ ለማስታወቂያ ጥሩ ነበር። ከመጻፌ በፊት ግን መካኒካችንን ጠየቅሁት።

ሞተሩ አየር የሚያስገባባቸውንና ጭስ የሚያስወጣባቸውን ቫልቮች የሚከፍተው ካምሻፍት የሚባል የሚሽከረከር ብረት ነው። በክፍሎቹ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ነው። ብረቱ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ያ ነው። የካምሻፍቱ ጠንካራ ገጽ አንዴ ከተበላ ፑንተሪያ ማስተካከል ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያድነውም። ወፍራም ዘይትማ ድምፁን ሸፍኖ ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል፤ በጠዋት ብርድ ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያልና።

ቀጭ ያለ ሁሉ ግን ቫልቭ አይደለም። የነዳጅ ኢንጀክተሮች በተፈጥሯቸው እንዲህ ያለ ድምፅ አላቸው፤ የተቃጠለ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮንም ያንኑ ይመስላል። ለዚህ ነው ሳይለካ «ሞተር ይውረድ» ማለት የማይገባው።

እናንተም ቤት ፒክአፕ ካለ እነዚህን ልብ በሉ፦

• ዘይቱን ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ለኩ። ዓይነቱም የመኪናው መመሪያ የሚለው ይሁን።

• ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ዘይቱን ያስረጃል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን አይመዘግበውም። ስለዚህ በከተማ የሚውል መኪና ዘይት ቶሎ ይቀየር።

• የጠዋቱን ድምፅ በስልክ ቅዱ። ጋራዥ እስክትደርሱ ሞተሩ ሞቆ ዝም ሊል ይችላል።

• የዘይት መብራቱ እየነዳችሁ ከበራ ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ።

• ያገለገለ መኪና ስትገዙ «ሞተሩን ሳታስነሱ ጠብቁኝ» በሉ። ቀዝቅዞ ሲነሳ እውነቱን ይናገራል።

ማስታወቂያውን በመጨረሻ እንዲህ ጻፍኩት፦ «ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ካምሻፍቱ ተበልቷል፤ ዋጋው ይህን ያገናዘበ ነው።» አባዬ አኮረፈ። ለሁለት ሳምንት የደወለ ሰው አልነበረም። ከዚያ አንድ ወጣት ከነባለቤቱና ከትንሽ ልጁ፣ መካኒክም ይዞ መጣ። መካኒኩ ከፍቶ አየ፤ የጻፍነውን አገኘ። ተስማሙ።

የቀነስነው ገንዘብ ቀላል አልነበረም፤ አባዬ እስከ ዛሬ ያነሳዋል። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ሲያነሳው ግን አንድ ነገር ጨመረበት። «ቢሆንም፣ ልጁ ሲደውል ስልኩን ሳልደነግጥ ነው የማነሳው» አለ።